ተሸናፊ ይነሳል

ቅዳሜ ጠዋት የሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ተዘግቶ ዕቃ ሲወጣ ደረስኩ። ልጅ ሆኜ ዊኒንግ የሚባለውን የኳስ ጌም የተጫወትኩባት ጥቁር ፕሌይስቴሽን 2 ደጃፉ ላይ ከጆይስቲኮችና ከአንድ ትልቅ የድሮ ቴሌቪዥን ጋር ተከምራ አየኋት። ሌንሷ በተቀየረ ቁጥር ሲፈታ ሲጠብቅ የኖረው የብሎን ጥርስ ተበልቶ አልቋል። ባለቤቱ «በቃ፣ እምቢ አለች» አለኝ። አንጀቴን በላችው።

ጌም አካባቢን ይጎዳል ሲባል ወሬው ሁሉ ስለ መብራት ነው። ልክ ነው፤ ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ሲጫወቱበት 200 ዋት ገደማ ይበላል፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መብራት ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው የሚመነጨው። የእኛ ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው። ስለዚህ እዚህ እኛ ጋ ትልቁ ጉዳት ያለው ዕቃው ሲፈበረክና ሲሞት ነው። መዳቡም፣ ወርቁም፣ ቆርቆሮውም ከመሬት ተቆፍሮ፣ ቀልጦ፣ ባሕር ተሻግሮ ነው እጃችን የሚገባው።

ፕሌይስቴሽን 2 ገበያ ላይ የዋለችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እኛ ሰፈር ሁለት ጆይስቲክ ለአሥር ልጅ ነበር፤ ተሸናፊ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። የሞተ ጆይስቲክ አይጣልም፤ ላስቲኩ ወጥቶ ለሌላው ይገባል። ሌንሷ ዲስክ አላነብ ሲል በአልኮል በነከሩት ጥጥ ይጠረጋል። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ የየራሱን ቢገዛ ኖሮ ስንት ማሽን ይፈበረክ ነበር? ይህን መጋራትና መጠገን ድህነት ብቻ አድርገን ማየታችን ያሳዝነኛል። እኔ ትልቅ ዕውቀት ነበር እላለሁ።

መጨረሻው ላይ ነው የተሸነፍነው። ቆራሌው መጣና ማሽኗን አገላበጣት። ምን እንደሚያደርጋት ስጠይቀው «ገመዱን አቃጥለን መዳቡን ነው የምንወስደው» አለኝ። የገመድ ፕላስቲክ ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል፤ የሚተነፍሰው እሱና አብረውት የሚሠሩት ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም የጣለችው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ በአግባቡ መሰብሰቡ የተመዘገበው ሩብ እንኳን አይሞላም።

ማሽኗን ገዝቼ ከጆይስቲኮቹ ጋር ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት። የሁለቱ ላስቲክ ገና ደህና ነው፤ ሞተሯም ይሠራል አለኝ። ቴሌቪዥኑን ግን ቆራሌውም አልፈለገውም። መስታወቱ እርሳስ አለበት፣ ልጆች ደግሞ ድንጋይ እየወረወሩበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በደንብ የሚረከብ ቦታ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ መኪና ለምኜም ቢሆን እወስደዋለሁ።