ግመሉ በካራማራ በር

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሚወስደው መንገድ ባቢሌን አልፎ ዳካታ ሸለቆ ሲገባ፣ ግዙፍ ቋጥኞች አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ ተደግፈው ይታያሉ። ቀጥሎ የካራማራ ሰንሰለት ፊት ለፊት ይገተራል። ካራማራን አብዛኞቻችን የምናውቀው በ1970 ዓ.ም. ጦርነት ነው። እኔን ግን የያዘኝ በሩ ነው። ከወዲህ የሐረርጌ ኮረብታ፣ ከወዲያ ዓይን የማይጨርሰው የጅግጅጋ ሜዳ፤ መኪናውም ግመሉም በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ያልፋል።

በሒሳብ ዓለም «የሲምፕሌክቲክ ግመል» የሚባል ቲዎረም አለ። የሚጠይቀው አንድ ኳስ ግድግዳ ላይ ባለ፣ ከራሱ በጠበበ ቀዳዳ ማለፍ ይችላል ወይ ብሎ ነው። ስሙ የመጣው ከግመሉና ከመርፌው ቀዳዳ ነው፤ ምሳሌው በወንጌልም በቁርአንም አለ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ይህን ቲዎረም ግመል በሚያረቡ ሰዎች መካከል ማሰብ ደስ ብሎኛል።

ጅግጅጋ ከከብት ገበያው አጠገብ የግመል ወተት የገባበት ሻይ እየጠጣሁ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ግመሎቻቸው ወደ ቶጎ ውጫሌ ሊሄዱ ነው፤ ከዚያ ድንበር ተሻግሮ በበርበራ ወደብ ወደ ዓረብ አገር የሚጫነው እንስሳ ብዙ ነው።

«አዴር (አጎቴ)፣ ግመል ከነጭነቱ በጠባብ በር ያልፋል?» አልኳቸው።

«ወላል (ወንድሜ)፣ ጭነቱን ታወርዳለህ፤ ማዶ ስትደርስ መልሰህ ትጭናለህ» አሉኝ።

መልሳቸው ትልቅ ቁም ነገር አለበት። ሕጉ «ይዘት ብቻ አይጉደል» ቢል ኖሮ የእርሳቸው መላ በሒሳቡም ይሠራል፤ ኳሱ ቀጥኖ እንደ ወተት በቀዳዳው ይንቆረቆርና ማዶ እንደገና ኳስ ይሆናል። የተፈጥሮ እንቅስቃሴ ግን ከዚህ የጠበቀ ሕግ አለው። አንድ ፕላኔት የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ሞመንተሙም መታወቅ አለበት። እያንዳንዱ አቅጣጫ ከራሱ ሞመንተም ጋር ይጣመራል፤ ኳሱም የሚኖረው በእነዚህ ጥንዶች ዓለም ውስጥ ነው፤ ሲምፕሌክቲክ ጂኦሜትሪ ደግሞ በየጥንዱ ላይ የሚያርፈው ስፋት ተደምሮ እንዳይለወጥ ይጠብቃል። በሁለት ልኬት ኳሱ ያልፋል። ከአራት ልኬት ጀምሮ ግን ቀዳዳው ከኳሱ ከጠበበ ማለፊያ የለም። ሚካኤል ግሮሞቭ በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የዚህ ሁሉ መነሻ ነው፤ ዱሳ ማክዳፍና ሊሳ ትሬይኖር በ1993 የአራቱን ልኬት ግመል በስሙ ጽፈውበታል።

ቅርጾች ሳይቆረጡ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚለወጡ የሚያጠናው ሆሞቶፒ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኳሱ ከግድግዳው ወዲህ መቀመጥ ይችላል፣ ወዲያም መቀመጥ ይችላል፤ ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው። ጥያቄው አንዱን ሳንቆርጥ፣ ሳንዘል፣ ሕጉንም ሳንጥስ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ማድረስ ይቻላል ወይ ነው። ይህ የሆሞቶፒ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ግመሉ አላልፍም ሲል፣ የኳሱ መቀመጫዎች ሁሉ የሚሰበሰቡበት ዓለም መንገድ በማያገናኛቸው ቁርጥራጮች ተከፍሏል ማለት ነው። ከፊዚክስ የተወለደ ሕግና ስለ ቅርጽ የሚጠይቅ ትምህርት በአንድ ቀዳዳ ላይ ይገናኛሉ። እኔ በዘመናዊ ሒሳብ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ግንኙነት አላውቅም።

ግንኙነቱ ከግመሉም አልፎ ሄዷል። ቭላዲሚር አርኖልድ በ1960ዎቹ፣ የሲምፕሌክቲክን ሕግ በሚጠብቅ እንቅስቃሴ ወደ መነሻቸው የሚመለሱ ነጥቦች ቢያንስ ስንት እንደሆኑ የቦታው ቅርጽ ይወስናል ብለው ገመቱ። አንድሪያስ ፍሎር በ1980ዎቹ ወደ ማረጋገጫው በሩን ከፈቱ። በ2021 ሞሐመድ አቡዛይድና አንድሩ ብሉምበርግ ሞራቫ ኬ-ቲዎሪ የተባለውን ረቂቅ የሆሞቶፒ መሣሪያ ይዘው ግምቱን አጠናከሩት።

አፍሪካም በዚህ ሥራ ባዕድ አይደለችም። በ1947 እ.ኤ.አ. በሩዋንዳ የተወለዱት ኦገስቲን ባንያጋ፣ በተዘጋ ሲምፕሌክቲክ ቦታ ላይ ሃሚልቶናዊ የሚባሉት፣ ይህንኑ ሕግ የሚጠብቁ እንቅስቃሴዎች የሚመሠርቱት ቡድን ከዚያ ወዲያ ወደ ቀለሉ ቡድኖች እንደማይፈታ በ1978 አረጋግጠዋል። ስማቸው በመማሪያ ክፍሎቻችን አለመጠራቱ ያሳዝነኛል።

በጅግጅጋና በአካባቢው ከተሞች የምታስተምሩ የሒሳብ መምህራን፣ ይህን ቲዎረም ለተማሪዎቻችሁ በሶማልኛ ንገሯቸው። ማረጋገጫው የዓመታት ትምህርት ይጠይቃል፤ ለጥያቄው ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።