ዶሮ ሲያድርበት የኖረው ያማሃ

ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ጎረቤቴ ግቢ ቆሞ የከረመውን ያማሃ ኤጂ 100 ገዛሁት። ሰፈርተኛው «ለቆራሌው ይሻል ነበር» ይላል። ይበል! ለእርሻና ለጭቃ የተሠራ ስለሆነ ሰንሰለቱ ዙሪያውን የተሸፈነ ነው፤ ስከፍተው ግሪሱ እንኳ አልደረቀም።

የከረመ ሞተር በጉልበት አይረገጥም። ካንዴላውን ፈትቼ በቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አደረግኩና ፒስተኑን ቀስ እያልኩ አላወስኩት። ያስቸገረኝ ካርቡራተሩ ነው፤ ያረጀ ቤንዚን ሲተን እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ዝቃጭ ይተዋል፣ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ሁሉ ደፍኗቸው ስለነበር አጸዳኋቸው። የዘይት ፓምፑን እስካምነው ድረስ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅዬ ሞላሁ።

ሲነሳ ግቢው በጭስ ታፈነ። ጎረቤቴ ጋሼ ከበረንዳው ብድግ ብለው «ዳገት ላይ ማርሽ ቀንስለት እንጂ አታስጨንቀው!» አሉኝ።

ፍሬኑ ገና ነው፣ ጎማውም ተሰነጣጥቋል። ቀለሙን ግን አልነካውም፤ አሮጌ ሞተር አዲስ ቀለም ሲቀባ ደስ አይለኝም።