ዝናቡ መቼ ይገባል?

በግንቦት ወር ካማሺ ውስጥ መምህር መሆን የሰማይ ነገር አዋቂ ተደርጎ መቆጠር ነው። ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣ የተማሪዎቻችን ወላጆች እጃችንን ይዘው «መምህር፣ ራዲዮኑ ምን አለ? ማሽላውን እንዝራ ወይስ እንቆይ?» ይሉናል።

ራዲዮኑማ የሚለው «በምዕራብ የአገሪቱ ክፍል መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይኖራል» ነው። ሐሰት አይደለም፤ የጠያቂው ጭንቀት ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ አታሎ ዘር ካስበተነ በኋላ ሁለት ሳምንት ቢጠፋ ቡቃያው ይደርቃል። በጎተራ የቀረችው እህል ወይ ለልጆች ናት ወይ ለዳግም ዘር፤ ለሁለቱም አትበቃም። የወቅቱ ድምር መደበኛ ሆኖ ሳለ አንድ ቤት ሊራብ ይችላል።

ባለሙያዎቹ ሰንፈው አይደለም። የአገራችን የሜትሮሎጂ አገልግሎት ራሱን ችሎ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ የየወቅቱን ትንበያ ከ1987 ጀምሮ ያወጣል። የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኞ ሲከሰት፣ ክረምታችን ብዙ ጊዜ ይዳከማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ሰሜኑንና ምሥራቁን የመታው ድርቅም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። ነገር ግን የክረምትን አዝማሚያ ማወቅና የማክሰኞን ዝናብ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በአውሮፓ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ በሚጓዝ ሰፊ ደመና ስለሚመጣ ከቀናት በፊት ይታያል። የእኛ ዝናብ ግን ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ መሬቱ ሲግል እዚያው ይወለዳል፤ ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥም ያልቃል። አንዱ ተማሪ ደብተሩ ርሶ ሲመጣ የጎረቤት ቀበሌው ልጅ አቧራ ለብሶ ይመጣል። ምድርን በየብዙ ኪሎ ሜትሩ ከፋፍሎ የሚያሰላ ኮምፒዩተር እንዲህ ያለችውን ደመና ከየት ያገኛታል?

በአሶሳ የተለካ ዝናብም ለካማሺ ምስክር አይሆንም። ከዚያ በመኪና የሚመጣ ሰው የወለጋን ምድር አቋርጦ ነው የሚደርሰው። መለኪያው ራሱ ቀላል ዕቃ ነው፤ በየጠዋቱ በ3 ሰዓት አንድ ሰው ሄዶ አንብቦ ይጽፋል። ያ ሰው አንድ ቀን ከቀረ የዚያን ቀን ዝናብ ማንም አይመልሰውም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በዞናችን በተነሳው ግጭት ስንቱ ሕዝብ ተፈናቀለ! ሠላሳ ዓመት ሳይቋረጥ መጻፍ ያለበት መዝገብ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

የአሥር ቀኑ ትንበያ ትክክል ቢሆን እንኳ በአማርኛ ወጥቶ፣ ወደ ጉሙዝኛ ተመልሶ፣ ገበሬው ዘንድ ሲደርስ አምስቱ ቀን ካለፈ ምን ይፈይዳል?

አንዳንድ ወጣቶች «ይህ ገይብን መዳፈር አይደለምን?» ይሉናል። በመድረሳ፣ ሱረቱ ሉቅማን ሲያበቃ፣ ዝናብን የሚያወርደው አላህ (ሱ.ወ) መሆኑን ተምረናል፤ በአስኳላ ደግሞ ደመናን መመልከትና መለካትን። ሁለቱ ተጣልተውብን አያውቁም። ባለሙያው የሚናገረው ካየው ምልክት ተነስቶ ነው፤ «ይዘንባል» ሳይል «ሊዘንብ ይችላል» ማለቱም በእኛ ዘንድ አደብ እንጂ ፍርሃት አይደለም።

ለጠያቂዎቻችን የምንመልሰው ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን እንዳይበትኑ ብቻ ነው። ተማሪዎቻችን ግን ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ በግቢው ተክለው በማስመሪያ ማንበብ ጀምረዋል። ቅዳሜና እሑድ ማን ይመጣል በሚለው እስካሁን አልተስማሙም።