የሦስት ሰዓት ቀጠሮ

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ምስጋና ለማግኘት አይደለም። የምንተርከው ስለ አንድ ስሕተታችንና ስለ አንድ ነውራችን ነው። በዚህ መጽሔት ስለ አፍሪካ ወንድማማችነት ብዙ ተጽፏል፤ እኛም ከጸሐፊዎቹ መካከል ነበርን። ነገር ግን አፍሪካ ራሷ መጥታ ከፊታችን አግዳሚ ወንበር ላይ በተቀመጠች ጊዜ ምን እንዳደረግንላት እስካሁን የተናገረ የለም።

በዓመቱ መጀመሪያ ከአርትስ ፋኩልቲ ዘጠኝ ተማሪዎች ሆነን፣ በአዲስ አበባ ስደተኞችን ወደሚረዳ አንድ የማኅበረሰብ ድርጅት ሄድንና አማርኛ በነጻ ለማስተማር ፈቃደኞች መሆናችንን ገለጽን። ድርጅቱ በተከራየው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል፣ አንድ ሰሌዳና አንድ ፓኮ ጠመኔ ሰጠን። ቀኑ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሆነ። ከተማሪዎቻችን ሁለቱ የመናውያን ሲሆኑ፣ የቀሩት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ በመተማ በኩል የገቡ ሱዳናውያን ናቸው። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት በኦምዱርማን የሒሳብ አስተማሪ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። ሌሎቹ «ኡስታዛ» ይሏቸዋል፤ በዐረብኛ መምህርት ማለት ነው። እኛም እንዲሁ አልናቸው። እሳቸው ደግሞ በእንግሊዝኛ እያዋዙ እኛን «አስተማሪዎቼ» ይሉን ነበር፤ ይህም ስም በጣም ደስ አሰኘን።

ምን እናስተምር በሚለው ላይ ሁለት ማታ ተከራከርን። ከመካከላችን የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አሉ፤ የቋንቋ ጥናት ተማሪዎችም አሉ። አንዱ ከፊደል ገበታ እንጀምር አለ፤ ሌላው አስቀድሞ ግሥ ይረባ አለ። ተማሪዎቹን ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። በመጨረሻ ፊደሉ አሸነፈና 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው ማስቆጠር ጀመርን። «ጨ» እና «ጰ» ላይ ስንደርስ ትግሉ ሌላ ሆነ፤ ጉሮሮ ሁሉ ደከመ። ሆኖም ደስታም ነበረበት። በሦስተኛው ሳምንት ኡስታዛ ብድግ ብለው ጠመኔውን ተቀበሉንና፣ ቤት በእነርሱ «በይት»፣ ስም «ኢስም»፣ ራስ «ራስ»፣ ደምም ያው «ደም» መሆኑን ጎን ለጎን እየጻፉ አሳዩን። ጀበናማ ትርጉም አላስፈለገውም፤ በሱዳንም ጀበና ነው። ያን ዕለት ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። ከፊደሉ በኋላ ከአንድ እስከ ዐሥር መቁጠርን አስተማርንና በራሳችን ረክተን ወደ ማደሪያችን ተመለስን።

ስሕተቱ የተፈጸመው በዚሁ ሰሞን ነው። ኡስታዛ የመኖሪያ ወረቀታቸውን የሚያሳድሱበት ቀጠሮ ነበራቸው። ያለዚያ ወረቀት የታናሹ ልጃቸው የትምህርት ቤት ምዝገባ አይፈጸምም። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው በስልክ ደውሎ፣ «ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት ይምጡ» አላቸው። ቀድሞ ቢሆን ስልኩን አማርኛ ለሚያውቅ ጎረቤት ይሰጡ ነበር። አሁን ግን ረቡዕንም ሦስትንም ከእኛ ተምረዋልና ማንንም ሳይጠይቁ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብለው ዘጉ። ረቡዕ ዕለትም እንደ መልካም አስተማሪ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ደረሱ፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። የተጠሩት ከጧቱ በሦስት ሰዓት ነበር። ተራቸው አልፎ፣ ስማቸው ተጠርቶ፣ መዝገቡ ተዘግቶ ቆያቸው። ሌላ ቀጠሮ የተሰጣቸው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ልጁም እነዚያን ሳምንታት እኩዮቹ ደብተር ይዘው ሲያልፉ በር ላይ ቆሞ እየተመለከተ አሳለፋቸው።

ይህን የነገሩን ቅሬታ ለማሰማት አልነበረም። ሐሙስ ዕለት እጃቸውን አውጥተው፣ «አስተማሪዎቼ፣ የእናንተ ሀገር ሰዓት በስንት ይጀምራል?» ብለው ጠየቁ እንጂ። እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። ቀናችን ፀሐይ ስትወጣ እንደሚጀምር፣ የእኛ አንድ ሰዓት በሌላው ዓለም ሰባት ሰዓት መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው፣ የሚማር ነገር መሆኑ ትዝ አላለንም ነበር። ቁጥሩን ሰጥተን ሰዓቱን አስቀረንባቸው። ምንም ባናስተምራቸው ኖሮ ጎረቤት ይጠይቁ ነበር፤ ግማሽ ስላስተማርናቸው ግን ቀጠሯቸው አለፈ።

ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ልናደርገው ይገባን የነበረውን አደረግን፤ ምን መማር እንደሚፈልጉ ጠየቅናቸው። መልሱ በሰሌዳው ላይ ሞልቶ ተረፈ። አንዱ ከታክሲ ለመውረድ ምን እንደሚባል ጠየቀ፤ «ወራጅ አለ» ማለት ባለመቻሉ ሁልጊዜ ሌላ ሰው እስኪወርድ እየጠበቀ፣ የተረፈውን መንገድ በእግሩ ይመለስ ነበር። አንዲት ወጣት ከአከራይ ጋር ስለ ቀብድና ስለ መብራት ሒሳብ መነጋገርን ፈለገች። አንድ አባት «ነገ ተመለስ» ማለት በእርግጥ ነገ ማለት መሆን አለመሆኑን ጠየቁ፤ ለዚህኛው እኛም መልስ አጣን። ሰዋስው የጠየቀ ማንም አልነበረም። አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ከካርቶን ሠርተን ሁለቱንም አቆጣጠር በሁለት ቀለም ጻፍንበት፤ ዐሥራ ሦስቱን ወራትም ከእነርሱ ወራት ጎን ደረደርን።

አንዳንድ ባልንጀሮቻችን ይህ የመንግሥትና የትላልቅ ድርጅቶች ሥራ አይደለምን ይሉ ይሆናል። ሕግ እንዳለ እናውቃለን። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞችን ስምምነት ያጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው፤ በሀገሩ ሰላም በብርቱ በመናወጡ የሸሸውንም ሰው ስደተኛ ብሎ የተቀበለ ስምምነት ነው። የ2011 ዓ.ም. የስደተኞች ዐዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ መብት ይደነግጋል። ሆኖም መብቱ ወዳለበት በር የሚያደርሰው ቃል አማርኛ ነው፤ እርሱን ለማስተማር ዐዋጅ አያስፈልግም። ደግሞም ብድር አለብን። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ከሀገር ከሸሹት ወጣቶች ብዙዎቹ ድንበር ተሻግረው በገዳሪፍና በካርቱም ተጠግተዋል። በእኛም ዘመን፣ ኅዳር 2013 ዓ.ም.፣ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ተከዜን ተሻግረው ያረፉት ሱዳን ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅን ነው እንግዲህ ነውሩን የሠራነው። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲቃረብ ከዘጠኛችን ሰባታችን አንድ በአንድ ቀረን። የቀሩት ሁለቱ እየተፈራረቁ ጥቂት ጊዜ ገፉ። ከዚያም አንድ ሐሙስ መጣ፤ ሁላችንም ሌላው ይሄዳል ብለን ሳንሄድ ቀረን፤ ስልክ የደወለም አልነበረም። ፈተናው አልፎ ስንመለስ ዘበኛው እንደ ነገሩን፣ ተማሪዎቹ እስከ 11 ሰዓት ጠብቀው ነበር። ከዚያ ኡስታዛ ተነሥተው ጠመኔውን ያዙና የካርቶኑን ሰዓት አውርደው አዲስ ለመጡት ሦስት ሰዎች የኢትዮጵያን ሰዓት አስተማሩ፤ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ እስከ 12 ሰዓት ድረስ።

ፊታቸው ቀርበን፣ «ኡስታዛ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ፈተና ነበረብን» አልናቸው። «ፈተናን አውቃለሁ፤ ስንት ዘመን ስፈትን ኖሬያለሁ» አሉና ጥቂት ቆይተው፣ «እኔ እኮ ሰዓቱ ተምታቶባችሁ መስሎኝ ነበር» አሉን። የተናገሩት ለማሽሟጠጥ ይሁን ለማዘን አልገባንም። የእሳቸው ቀጠሮ ያለፈው ሰዓቱን ባለማወቅ ነበር፤ እኛ ግን የራሳችንን ሰዓት በሚገባ እናውቀው ነበር።

በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች አንድ ሙሉ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተምሩ ነበር። ከእኛ የሚጠየቀው በሳምንት ሁለት ወይም አራት ሰዓት ነው። ለመግባት የሚያስብ ባልንጀራ ካለ አስቀድሞ የፈተናውን የጊዜ ሰሌዳ ይመልከት፤ የሚችለውን ያህል ብቻ ቃል ይግባ፤ አንድ ቀን ብቻ ከቻለ አንድ ቀን ይበል፤ በማይመጣበት ቀን የሚተካውን ሰው ስም ይስጥ። አሁን የተራ መዝገብ አዘጋጅተናል፤ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። የሚመጣው መንፈቀ ዓመት የፈተና ሳምንታት ከፊታቸው የተጻፈ ስም እስካሁን የላቸውም። ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ በ10 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር።