እጥበት የሚበላው ዕቃ

ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ለጡት ካንሰር ስትታከም «አንቺ እኮ እዚያው ከሚሠራበት ነሽ፤ ይሄ ትራስቱዙማብ የሚሉት ለምን እንዲህ ይወደዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሜሪላንድ ውስጥ እንደዚያ ያሉ የአንቲቦዲ መድኃኒቶች የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ትርፉም አለበት አልኳት። ከዚያ ግን ስለ አንድ ሌሊት ነገርኳት።

መድኃኒቱን የሚሠሩት ሕያው ሕዋሳት ናቸው። ያደጉበት ፈሳሽ ተጣርቶ ኮለም በምንለው በርሜል መሰል ዕቃ ውስጥ ያልፋል። ኮለሙን የሚሞላው ሬዚን ነው፤ ከባሕር አረም በሚወጣ አጋሮስ የተሠሩ፣ እንደ ዱቄት የደቀቁ እንክብሎች። በላያቸው ፕሮቲን ኤ አለ፤ አንቲቦዲውን ለይቶ የሚይዝ እጅ በሉት። የተያዘው በአሲድ ይለቀቃል። ቅባትና የሕዋስ ፍርስራሽ ግን እንክብሎቹ ላይ ስለሚቀር በየዙሩ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል።

ጣጣው እዚህ ነው። ነጠላ በበረኪና ያነጣ ሰው ያውቀዋል፦ እድፉን የሚያስለቅቀው ክሩንም ይበላል። ሶዳው የፕሮቲን ኤን እጆች አንድ በአንድ ይሰብራል። ስዊድኖች ሶዳ ቶሎ የሚያጠቃውን አስፓራጂን የሚባል አሚኖ አሲድ በሌላ ተክተው ጠንከር ያለ ሬዚን ሠርተዋል፤ ቢሆንም ማለቁ አልቀረም። ብታጥበው ያልቃል፣ ባታጥበው ይዘጋል፣ ባክቴሪያም ያበቅላል።

የእኛ ኮለም 40 ሊትር ያህል ሬዚን ይይዛል። አንዱ ሊትር ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ሂሳቡን እናንተው ምቱት። የዚያን ሌሊት ሶዳው 30 ደቂቃ ቆይቶ በ20 በመቶ ኢታኖል መተካት ነበረበት። ሌላ ማሽን ተበላሽቶ እዚያ ስሯሯጥ ረሳሁት። ትዝ ያለኝ ፈረቃ ልለቅ ስል ነው። 8 ሰዓት! የ16 እጥበት ዕድሜ በአንድ ሌሊት በላሁ።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ሲያዩት ምንም አልሆነም፣ ዝም በይ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሬዚኑ ነጭ እንደሆነ ነው። ግን የደከመ ሬዚን አንቲቦዲውን ሳይዝ ያሳልፋል፤ የራሱ ስባሪም ወደ መድኃኒቱ ሊገባ ይችላል። መጨረሻው የሰው ደም ሥር ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጽፌ ፈረምኩ። ሲፈተሽ አንቲቦዲው ከበፊቱ ቀደም ብሎ መፍሰስ ጀምሯል፤ በየዙሩ የሚጫነው ተቀነሰ፣ የቀረው የዙር ቁጥርም ተቆረጠ።

እንዲህ ያለ መድኃኒት አገር ቤት ይመረት ሲባል ደስ ይለኛል። ወሬው ግን ስለ ሕንፃና ስለ ማሽን ብቻ ይሆንብኛል። ሬዚኑም ማሽኑም በገንዘብ ይገዛል። እኔ ፋብሪካ እንከፍታለን የሚሉትን ብጠይቅ ደስ የሚለኝ፣ ሌሊት ላይ «እኔ ነኝ የረሳሁት» ብላ የፈረመችዋን ሠራተኛ ምን እንደሚያደርጓት ነው። ደመወዟን ከቆረጡ ቀጣይዋ ዝም ትላለች።

እህቴ «ታዲያ አባረሩሽ?» አለችኝ።

አላባረሩኝም። እኔን እንደገና አሠለጠኑኝ፣ ማሽኑ ላይ ደግሞ ሶዳው 30 ደቂቃ ካለፈው የሚጮህ ደወል ገጠሙበት።