መነሻና መቆሚያ

በረዶ በሚበዛበት በዴንቨር መኪና ስመርጥ ልቤና ቤቴ ተሟገቱ። ልቤ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ኮሊን ማክሬ የዓለም የራሊ ሻምፒዮን የሆነበትን ሱባሩ ኢምፕሬዛ ያልማል፤ ቤቴ ለልጅ መቀመጫና ለአስቤዛ የሚበቃ ቦታ ይጠይቃል። የዚያው ዘር የሆነው ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ሁለቱን አስታረቀ፦ አራት በር፣ አምስት መቀመጫ፣ ጉልበቱም ለአራቱም ጎማ የሚከፋፈል።

ሆኖም ይህ ክፍፍል የሚያግዘው መነሻን እንጂ መቆሚያን አይደለም። ፍሬን ሲያዝ የማንኛውም መኪና አራቱም ጎማ ይሠራል፤ ልዩነቱ ጎማው በረዶውን መቆንጠጡ ላይ ነው። ስለዚህ ለበለጠ የፈረስ ጉልበት ያሰብኩትን ገንዘብ ለበረዶ ጎማ አዋልኩት።

በረዶ ባደረበት ማለዳ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ቀድሞ መነሳት ደስ ያሰኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ቀይ መብራት ነው።