«ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ!»

የዛሬው ወጋችን ስለ ኮምፒውተር ነው። «ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ከፕሮግራም ጋር ምን አገናኛችሁ?» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱን፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከሙያችን ይገናኛል።

እኛ ማለት ሁለት ሴቶች ነን፤ አንድ ክፍል ተምረን አንድ ቀን ጋውን የለበስን። ባለፈው ክረምት የሰፈራችንን አዛውንቶች ቤት ለቤት እየዞርን ስለ ድሮው ጊዜ ስንጠይቅ ከረምን። በስልክ እንቀዳለን፣ ማታ ወደ ጽሑፍ እንገለብጣለን። 31 ቃለ መጠይቅ ሲሞላ ችግር መጣ። አንዳችን «ፀሐይ» ስንጽፍ ሌላችን «ጸሀይ» እንጽፋለን። ኮምፒውተር ደግሞ ሞክሼ ፊደላት ለጆሮ አንድ መሆናቸውን አያውቅም፤ አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን «የለም» ይላችኋል።

ስለዚህ ከኢንተርኔት እየቃረምን 60 መስመር የማትሞላ ፕሮግራም በፓይተን ጻፍን። እያንዳንዱን ቃል ካዘጋጀንላት የቃላት ዝርዝር ጋር እያመሳከረች ፊደሉን ታስተካክላለች። የጀማሪ ሥራ ናትና ዝርዝሩን ለአንድ ቃል ሁሉ ከላይ እስከ ታች ታነበዋለች፤ አንድ ቃለ መጠይቅ ለመጨረስ ደቂቃዎች ይፈጅባታል።

አንድ ማታ እሷን አስነስተን ቡና ስንጠጣ መብራት ሄደ። የላፕቶፓችን ባትሪ ያረጀ ነው፤ 7 በመቶ ቀረ። «ሳይጠፋብን እኛው እናቁማት» ተባባልንና ኮንትሮልና ሲን አንድ ላይ ተጫንን። ጥቁሩ መስኮት ላይ የስህተት መዓት ወረደ፤ መጨረሻው ላይ «ኪቦርድኢንተራፕት» የሚል አለ። ፕሮግራሟ ቆመች። እኛም በብልጠታችን ኮርተን ተኛን።

ጠዋት ስንከፍተው የአንዲት እናት ታሪክ ከመሃሉ ተቆርጧል። ለካ ፕሮግራማችን ፋይሉን ካነበበች በኋላ ያንኑ ፋይል ባዶ አድርጋ፣ እያስተካከለች ከላይ መስመር በመስመር ትጽፍ ኖሯል። ያቆምናት ግማሽ ላይ ስትደርስ ነው። ድምፁስ? ስልኩ ሞላ ብለን አጥፍተነዋል። ሌላ ቅጂስ? እባካችሁ አትጠይቁን።

በንዴት ፕሮግራሟን «ምንም ዓይነት ስህተት ቢመጣ ዝም ብለሽ ወደሚቀጥለው ፋይል እለፊ» አልናት። ይሄኛው ባሰ። ኮንትሮል ሲ ስንጫን የያዘችውን ትታ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች፤ ደግመን ስንጫን ደግማ ታልፋለች። አቁሚ ስንላት ሂጂ የተባለች ይመስላታል!

የሚያስረዳን አንድ የኮምፒውተር ተማሪ ወንድም አገኘን። ኮንትሮል ሲ ስትጫኑ፣ አለን፣ ሲግኢንት የሚባል ምልክት፣ ቁጥሩ 2፣ ለፕሮግራሙ ይላካል። ፕሮግራሙ ካልተዘጋጀበት እዚያው ይሞታል። ፓይተን ግን ምልክቱን ወደ «ኪቦርድኢንተራፕት» ይቀይረዋል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ፣ ማለትም ከፓይተን 2.5 ጀምሮ፣ «ኤክሴፕሽን» ከሚባሉት ተራ ስህተቶች ቤተሰብ ወጥቷል። ስለዚህ «ተራ ስህተት ሲመጣ እለፊ» ብትሏት ኖሮ ትቆም ነበር፤ እናንተ «ምንም ቢመጣ» ስላላችኋት የሰውን ትእዛዝም እንደ ስህተት ዋጠችው።

ከዚያ አብረን አስተካከልናት። አሁን በዋናው ፋይል ላይ አትጽፍም፤ አጠገቡ ጊዜያዊ ፋይል ከፍታ ትጽፍና ሙሉ በሙሉ ስትጨርስ ብቻ በአንድ ጊዜ ትተካዋለች። ኮንትሮል ሲ ሲመጣ ጊዜያዊውን ታጠፋለች፣ «17 ፋይል አልቋል፤ ከ18ኛው እቀጥላለሁ» ብላ በአንድ መስመር ትናገራለች፣ 130 የሚል ቁጥር ሰጥታ ትወጣለች። 130 ማለት 128 ሲደመር 2 ነው፤ ተከትሏት የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ቢኖር ጨርሳ ሳይሆን ተቋርጣ እንደወጣች የሚያውቅበት ልማድ ነው። ሁለተኛ ከተጫንን ግን ስንብት የለም፤ ወዲያው ትወጣለች። ቸኩሎ የሚያቆም ሰው ምክንያት አለዋ!

ወንድማችን አንድ ነገር አከለልን። ቁጥር 9 የሚባለውን ምልክት ማንም ፕሮግራም ሊይዘው አይችልም፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ምልክትም አይልክ። ስለዚህ ዋናው ጥበብ ሲያቋርጧችሁ የምትናገሩት አይደለም፤ ሳይነገራችሁ ብትቋረጡም የቀደመው ሥራ እንዳይጠፋ አድርጎ መሥራት ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ አንገታችንን ደፍተን እኚያ እናት ዘንድ ሄድን። «እማማ፣ የነገሩንን ማሽኑ አጠፋብን፤ ይቅርታ ያድርጉልን» አልናቸው።

«አይ ልጆቼ!» አሉን እየሳቁ። «እኔ እንኳ ሰው ሲያቋርጠኝ ‹ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ› እላለሁ። የናንተ ማሽን አፍ የለውም?»

ጋዜጠኝነት ክፍል ውስጥም የተማርነው ይኸንኑ ነበር፤ ሰው ስታቋርጡ ቢያንስ ዓረፍተ ነገሩን ይዝጋ።

እማማ አልተቀየሙንም። ቡና አፍልተው እንደገና ነገሩን። የባለቤታቸው ነገር ላይ ሲደርሱ ግን ትንሽ ዝም አሉና «ይሄንንስ ነግሬያችኋለሁ» ብለው አለፉት። እኛም «እንደገና ይንገሩን» ለማለት አፍ አጣን። በመጀመሪያው ቀን እያለቀሱ የነገሩን ነበር፤ ፋይሉም የተቆረጠው እዚያው ላይ ነው።

ፕሮግራሟ ዛሬ በሥርዓት ትቆማለች። ከያንዳንዱ ቃለ መጠይቅም ሁለት ሁለት ቅጂ እንይዛለን። እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ የምትሳሱለትን አንድ ፋይል ሌላ ቦታ ገልብጡልን።

ቸር እንሰንብት።